802.1ኤክስ ምንድን ነው? አዲስ ሲስተም የተጫነበት ላፕቶፕና የካምፓስ ዋይፋይ

ላፕቶፓችሁ ላይ አዲስ ኦፕሬቲንግ ሲስተም ጭናችሁ ካምፓስ ስትገቡ፣ ትናንት ክዳኑን ስትከፍቱት በራሱ ይገናኝ የነበረው ዋይፋይ ዛሬ አያውቃችሁም። የኔትወርኩን ስም ስትነኩት የሚመጣው እንደ ቤት ዋይፋይ አንድ የፓስወርድ ሳጥን አይደለም። ሙሉ ቅጽ ነው፦ ኦተንቲኬሽን፣ አኖኒመስ አይደንቲቲ፣ ዶሜን፣ ሲኤ ሰርተፍኬት፣ ኢነር ኦተንቲኬሽን፣ ዩዘርኔም፣ ፓስወርድ። ብዙ ሰው የሚያውቀው የመጨረሻዎቹን ሁለቱን ብቻ ነው። እነሱን ይሞላና ሌላውን እንደነበረ ይተወዋል። ሲስተሙ አልገናኝም ሲል ደግሞ «ሰርተፍኬት አያስፈልግም» የምትለው ሳጥን ላይ ምልክት አድርጎ ይገባል። ሰርተፍኬት ማለት አንድ ሰርቨር ወይም መሣሪያ ማንነቱን የሚያሳይበት ዲጂታል መታወቂያ ነው። እኔ ይህን የምጽፈው በዋናነት ስለዚያች ሳጥን ነው። እሷን ለመረዳት ግን ከቅጹ ጀርባ ያለውን ነገር ማወቅ ያስፈልጋል። ስሙ 802.1ኤክስ ነው።

802.1ኤክስ አንድ መሣሪያ ኔትወርክ ውስጥ ከመግባቱ በፊት ማንነቱ የሚጣራበት ስታንዳርድ ነው። አይትሪፕልኢ የተባለው የኢንጂነሮች ማኅበር መጀመሪያ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ2001 ነው። ያኔ የታሰበው ለኬብል ነበር፤ ማንም መንገደኛ መጥቶ ግድግዳ ላይ ባለው ሶኬት ገመድ ሰክቶ እንዳይገባ። ዋይፋይ ሲስፋፋ ሥራው ወደ አየሩ ተሻገረ። ላፕቶፓችሁ ላይ «ደብሊውፒኤ2 ኢንተርፕራይዝ» ወይም «ደብሊውፒኤ3 ኢንተርፕራይዝ» የሚል ስታዩ ከውስጥ የሚሠራው ይኸው ነው።

የቤት ዋይፋይ አንድ ፓስወርድ አለው፤ ቤተሰቡ ሁሉ እሱኑ ይጠቀማል። በሺህ የሚቆጠር ተማሪና ሠራተኛ ባለበት ግቢ ይህ አይሆንም። አንድ ሰው ፓስወርዱን ለጓደኛው ቢሰጥ ወይም ተመርቆ ቢሄድ፣ እሱን ለማስወጣት የሁሉንም ፓስወርድ መቀየር ሊያስፈልግ ነው። ከዚህ የሚብሰው ደግሞ በደብሊውፒኤ2 የጋራ ፓስወርድ ላይ ያለው ችግር ነው፤ ፓስወርዱን የሚያውቅና እናንተ ስትገናኙ አየሩን እየቀዳ የነበረ ሰው የእናንተን ትራፊክ ሊፈታው ይችላል። በ802.1ኤክስ ግን እያንዳንዱ ሰው በራሱ ዩዘርኔምና ፓስወርድ ይገባል፤ በገባ ቁጥርም ለእሱ ብቻ የሚሆን አዲስ የምስጠራ ቁልፍ ይሰጠዋል።

በሥራው ላይ ሦስት ወገኖች አሉ። አንዱ የእናንተ ላፕቶፕ ነው፤ በሙያው ቋንቋ ሰፕሊካንት ይባላል፣ አመልካች እንደማለት። ሁለተኛው ጣራው ላይ የምታዩት ነጭ ሳጥን፣ አክሰስ ፖይንቱ ነው። ሦስተኛው ሰርቨር ክፍል ውስጥ ተቀምጦ ማንነትን የሚያጣራው ራዲየስ ሰርቨር ነው። አክሰስ ፖይንቱን እንደ በር ጠባቂ አስቡት። እናንተን አያውቃችሁም፣ የተማሪ ዝርዝርም በእጁ የለም። እስክትጣሩ ድረስ ኢንተርኔቱን ዘግቶ አንድ ዓይነት መልእክት ብቻ ያሳልፋል፤ የማንነት ማጣሪያውን። እሱን ተቀብሎ ለራዲየስ ያደርሳል፣ መልሱን ለእናንተ ያመጣል። ራዲየስ «ይግባ» ካለው በሩን ይከፍታል። ፓስወርዳችሁ በእጁ ቢያልፍም ከፍቶ ማንበብ አይችልም፤ ይህ ነገር ሁልጊዜ ደስ ይለኛል። ራዲየስ ራሱ እ.ኤ.አ. በ1991 በስልክ መስመር ለሚደወል ኢንተርኔት የተሠራ ነበር። የዚያ ዘመን ሞደሞች ጠፍተው እሱ ዛሬም በየካምፓሱ «ይግባ፣ አይግባ» እያለ ነው።

መልእክቱ የሚታሸግበት መንገድ ኢኤፒ ይባላል፤ ዓይነቱም ብዙ ነው። ካምፓሶች ላይ በብዛት የምታገኙት ፒአፕ የሚባለውን ነው። መጀመሪያ ላፕቶፑና ራዲየስ ሰርቨሩ በቲኤልኤስ የተመሰጠረ መስመር ይዘረጋሉ፤ ብራውዘራችሁ ከባንክ ገጽ ጋር ሲነጋገር የሚጠቀመው ያው ቲኤልኤስ ነው። ከዚያ በመስመሩ ውስጥ ፓስወርዱ ኤምኤስቻፕ2 በሚባል ዘዴ ይረጋገጣል። ቅጹ ላይ «ኢነር ኦተንቲኬሽን» የሚለው ይህን የውስጡን ነው። «አኖኒመስ አይደንቲቲ» ደግሞ ከመስመሩ ውጪ ለሁሉ የሚታየው ስም ነው፤ እውነተኛው ዩዘርኔማችሁ ውስጥ ተሸፍኖ ስለሚሄድ ውጪው ላይ ስማችሁን መጻፍ አይጠበቅባችሁም። ፓስወርድ ጭራሽ የሌለበት ኢኤፒ ቲኤልኤስ የሚባልም አለ። በእሱ ላፕቶፑ የራሱን ሰርተፍኬት ያሳያል። ካምፓሳችሁ ይህን ከሰጣችሁ ዓይናችሁን ሳታሹ ተቀበሉት።

አሁን ወደ ሳጥኗ እንመለስ። የተመሰጠረው መስመር ጥሩ ነው፤ ግን ከማን ጋር ነው የተዘረጋው? ማንም ሰው ላይብረሪ ጥግ ላይ ቁጭ ብሎ በትንሽ መሣሪያ የካምፓሱን ዋይፋይ ስም የያዘ ሌላ ዋይፋይ ማሰራጨት ይችላል። ስም ባለቤት የለውም። ላፕቶፓችሁ የሰርቨሩን ሰርተፍኬት ካላጣራ ከአስመሳዩ ጋር በደንብ የተመሰጠረ መስመር ይዘረጋል፤ ከዚያም ማንነታችሁን ለሌባው ማረጋገጥ ይጀምራል። ኤምኤስቻፕ2 ፓስወርዱን በቀጥታ ባይልክም ሊያድናችሁ አይችልም። እ.ኤ.አ. በ2012 ላስ ቬጋስ በተካሄደው ዴፍኮን የተባለ የሃከሮች ጉባኤ ላይ የደህንነት ተመራማሪዎቹ ሞክሲ ማርሊንስፓይክና ዴቪድ ሃልተን የዚህን ዘዴ ምስጢር ቢበዛ በአንድ ቀን ውስጥ እንዴት መፍታት እንደሚቻል አሳይተዋል። የውስጡ ዘዴ ፓስወርዱን እንዳለ የሚልከው ፓፕ ከሆነ ደግሞ መፍታትም አያስፈልግም፤ አስመሳዩ ፓስወርዱን እንዳለ ያነበዋል። ይህ ፓስወርድ ኢሜይላችሁንም፣ የውጤት ገጻችሁንም የሚከፍት ሊሆን ይችላል።

«ታዲያ ብራውዘሩ ሳይጠይቀኝ ራሱ ያጣራ የለ? አዲሱ ሲስተም ለምን እንዲህ አያደርግም?» የሚለኝ ሰው ብዙ ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው። ብራውዘሩ ላይ አድራሻውን የጻፋችሁት እናንተ ናችሁ። የመጣው ሰርተፍኬት ላይ ያለው ስም ከጻፋችሁት ጋር ይመሳሰል እንደሆነ ማመሳከር ይችላል። ዋይፋይ ላይ ግን በኔትወርኩ ስምና በራዲየስ ሰርቨሩ ስም መካከል ምንም ዝምድና የለም። ላፕቶፑ የሰርቨሩን ትክክለኛ ስም ከየትም ሊያውቅ አይችልም፤ አንድ ሰው ሊነግረው ይገባል። ሁለቱ ሳጥኖች ለዚህ ናቸው፦ «ሲኤ ሰርተፍኬት» የሰርቨሩን መታወቂያ የሰጠው አካል ማን እንደሆነ ይናገራል፤ «ዶሜን» መታወቂያው ላይ መኖር ያለበትን ስም ይናገራል። አንዱ ብቻውን አይበቃም። በይፋ የሚታወቅ ሰርተፍኬት ሰጪ ለብዙ ሰው ይሰጣልና፣ ዶሜኑን ባዶ ከተዋችሁት ከዚያው አካል ለራሱ ዌብሳይት ሰርተፍኬት ያወጣ አስመሳይም ሊያልፍ ይችላል።

የድሮው ሲስተማችሁ ይህን ሁሉ ያውቅ ነበር፤ ወይም ያኔ አንድ ሰው ሳጥኗን ነክቶላችሁ ነበር። አዲሱ ባዶ ሆኖ ይጀምራል፤ በዚያ ላይ የዛሬ ሲስተሞች ጠንከር ብለዋል። ጎግል እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2020 በወጣው የአንድሮይድ 11 ዝመና «ሰርተፍኬቱን አታጣራ» የሚለውን ምርጫ ከፒክስል ስልኮች ላይ አንስቶታል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ በ22ኤች2 እትሙ ክሬደንሻል ጋርድ የሚባለውን የፓስወርድ ጥበቃ በኢንተርፕራይዝና በኤጁኬሽን እትሞች ላይ ከፋብሪካው አብርቶ መጣ፤ ኮምፒውተር በተገባበት ፓስወርድ በራሱ በኤምኤስቻፕ2 መገናኘት በዚያ ምክንያት የቆመባቸው ብዙ ናቸው።

አንድ ያየሁትን ልንገራችሁ። አንዲት ተማሪ ኡቡንቱ 22.04 የሚባለውን የሊኑክስ ሲስተም ጭና መጣች። ቅጹን በሥርዓቱ ሞልታለች፤ ሲኤውም ዶሜኑም አለ። ምልክቱ ይሽከረከራል፣ ይሽከረከራል፣ ከዚያ ያው የፓስወርድ መስኮት ተመልሶ ይመጣል። አራት ጊዜ ጻፈችው። አምስተኛው ላይ «ፓስወርዴ ተቀይሮ ይሆን?» ብላ ሪሴት ልታደርግ ስትል አስቆምኳት። ያው ፓስወርድ ኢሜይሏን ይከፍታል፤ ስለዚህ ችግሩ እሱ አይደለም። የሲስተሙን ሎግ (የሠራውን ሁሉ የሚጽፍበትን መዝገብ) ስንከፍት ከብዙው መስመር መካከል «አንሴፍ ሌጋሲ ሪኔጎሲዬሽን ዲሴብልድ» የሚል ተቀምጧል። ኡቡንቱ 22.04 የቲኤልኤሱን ሥራ ለመሥራት የያዘው ፕሮግራም ኦፕንኤስኤስኤል 3.0 ነው። ይህ እትም እ.ኤ.አ. በ2010 በወጣ ማስተካከያ የተዘጋውን የቲኤልኤስ ክፍተት ዛሬም ካልደፈነ ሰርቨር ጋር አልነጋገርም ይላል። ላፕቶፗ አልተሳሳተም፤ ያረጀው ከወዲያ ያለው ሰርቨር ነው። መስኮቱ ግን ይህን አይናገርም። ምንም ይሁን ምን ፓስወርድ ደግማችሁ አስገቡ ይላል፤ በዚህ በጣም ነው የማዝነው፤ ሰው በሌለበት ጥፋት ራሱን እንዲጠራጠር ያደርጋልና። መስመሩን ኮፒ አድርገን ለአይቲ ክፍሉ ላክን፣ እሷም ሰርቨሩ እስኪዘመን በኬብል ሠራች። ኢንተርኔት ላይ የድሮውን መንገድ በላፕቶፑ ላይ መልሶ የሚከፍት ሴቲንግ ይገኛል። ግን ለአንድ ዋይፋይ ተብሎ የላፕቶፑ ፕሮግራም ሁሉ እንዲላላ የሚያደርግ ከሆነ አልመክርም።

ፓስወርዱ ትክክል ሆኖ ተመላልሶ ሲጠየቅ መጀመሪያ የማየው የላፕቶፑን ሰዓት ነው። ሰርተፍኬት የሚጀምርበትና የሚያበቃበት ቀን አለው፤ ሰዓቱ ዓመታት ወደኋላ የቀረ ላፕቶፕ ደህናውን ሰርተፍኬት «ገና ያልጀመረ» ብሎ ይጥለዋል። ሰዓቱ በኢንተርኔት ይስተካከላል እንዳትሉ፣ ኢንተርኔቱ ገና አልገባም፤ በእጅ አስተካክሉት። ቀጥሎ ዩዘርኔሙን እዩ፤ ብዙ ካምፓስ ላይ ከስሙ በኋላ የ«አት» ምልክቱና ዶሜኑ አብሮ መጻፍ አለበት። የዋይፋይ ዝርዝሩ ጭራሽ ባዶ ከሆነ ጉዳዩ ከ802.1ኤክስ ጋር አይገናኝም፤ አብዛኛውን ጊዜ የዋይፋይ ካርዱ ድራይቨር፣ ማለትም ካርዱን የሚያሠራው ፕሮግራም፣ አልተጫነም ማለት ነው። ስልካችሁን በዩኤስቢ ሰክታችሁ ኢንተርኔቱን አጋሩትና ድራይቨሩን አውርዱ።

ከሁሉ የሚቀለው ግን ቅጹን በእጅ አለመሙላት ነው። ብዙ ካምፓሶች ሲኤውን፣ ዶሜኑንና ዘዴውን አንድ ላይ የያዘ የማዋቀሪያ ፋይል ያዘጋጃሉ፤ ኢዱሮም በሚባለው የዩኒቨርሲቲዎች የጋራ ዋይፋይ ለሚጠቀሙትም ካት የሚባል መሣሪያ ለዊንዶውስም፣ ለማክም፣ ለሊኑክስም ያንን ፋይል ያወጣል። የድሮውን ሲስተም ከማጥፋታችሁ በፊት አውርዳችሁ ፍላሽ ላይ አስቀምጡት። ፋይል ከሌለና ሲስተሙ ሰርተፍኬቱን አሳይቶ «ትቀበላለህ?» ካለ፣ በዚያ መስኮት ላይ ያለውን ረጅም የፊደልና የቁጥር አሻራ አይቲ ክፍሉ ካወጣው ጋር አስተያዩ። ከአንድ ደቂቃ በላይ አይወስድም።

ኢዱሮምን ካነሳሁ አይቀር፣ 802.1ኤክስ ምን ያህል እንደሚሄድ የሚታየው እዚያ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 አውሮፓ ውስጥ ክላስ ቪሬንጋ ከተባለ ኔዘርላንዳዊ ሐሳብ የተነሣ ሲሆን፣ ዛሬ ከ100 በላይ በሆኑ አገሮችና ግዛቶች አለ። ሌላ አገር ባለ ዩኒቨርሲቲ ላፕቶፓችሁን ስትከፍቱ የዚያ ካምፓስ ራዲየስ ከዩዘርኔማችሁ ኋላ ያለውን ዶሜን ብቻ አይቶ መልእክቱን ከአንዱ ሰርቨር ወደ ሌላው እየተቀባበሉ ወደ ራሳችሁ ካምፓስ ይልከዋል። ሰርተፍኬቱን የሚያሳየው የራሳችሁ ካምፓስ ሰርቨር ነው፣ ፓስወርዱን የሚያጣራውም እሱ ነው፤ የተቀበላችሁ ካምፓስ የሚሰማው «ይግባ» የሚለውን ብቻ ነው። ስለዚህ አዲሱን ሲስተም ከመንገድ በፊት፣ የራሳችሁ አይቲ ክፍል በእግር በሚደረስበት ቦታ ሆናችሁ አገናኙት።