ስላይድ ማስተር ምንድን ነው?

አንድ ጊዜ ስልሳ ያህል ስላይዶች ያሉት ፋይል ተሰጠኝና «ሥራው ቀላል ነው፤ በየዝርዝሩ መስመር ፊት ያሉትን ክብ ነጥቦች ወደ አራት ማዕዘን ቀይርልን፣ ጽሑፉንም ትንሽ አሳድገው» ተባልኩ። እውነትም የአንድ ደቂቃ ሥራ መሆን ነበረበት። ፋይሉን ስከፍተው ግን ነጥቦቹ ነጥቦች አልነበሩም። አንዳንዱ ከቁልፍ ሰሌዳ የተጻፈ ሰረዝ ነው፤ አንዳንዱ ከሌላ ቦታ ተቀድቶ የተለጠፈ ጥቁር ክብ ነው፤ ንዑስ ነጥቦቹ ደግሞ ወደ ውስጥ የገቡት የባዶ ቦታ ቁልፍ ስድስት ስምንት ጊዜ እየተመታ ነው። ሁለት ምሽት ፈጀብኝ። ፋይሉን ያዘጋጀው ሰው ሰነፍ አልነበረም፤ እያንዳንዱን ስላይድ በእጁ ለማሳመር ብዙ ደክሟል። ያላወቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እሱም ስላይድ ማስተር ነው።

ስላይድ ማስተር በአንድ የፓወርፖይንት ፋይል ውስጥ ላሉ ስላይዶች ሁሉ መልክ የሚሰጥ እናት ስላይድ ነው። ርዕሱ በምን ፎንት እንደሚጻፍ፣ ዋናው ጽሑፍ ምን ያህል ትልቅ እንደሚሆን፣ ነጥቡ ክብ ይሁን ሰረዝ፣ ከጠርዙ ምን ያህል ገባ እንደሚል፣ በመስመሮች መካከል ስንት ክፍተት እንደሚኖር የሚወሰነው እዚያ ነው። ከማስተሩ ሥር ሌይአውት የሚባሉ ልጆች አሉት፤ አንዱ ለመክፈቻ ስላይድ፣ አንዱ ለርዕስና ለዝርዝር፣ ሌላው ለሁለት ዓምድ ጽሑፍ። ፕሮግራሙ ይዞት በሚመጣው መደበኛ ገጽታ ውስጥ 11 ሌይአውቶች አሉ። የምንጽፍበት ስላይድ ከሌይአውቱ ይወርሳል፣ ሌይአውቱ ከማስተሩ ይወርሳል። ቴምፕሌት የምንለውም ይኸው ቤተሰብ ገና ምንም ሳይጻፍበት ሲቀመጥ ነው።

ነገሩን ለመረዳት ቁልፉ «ደረጃ» የሚለው ቃል ነው። በማስተሩ ላይ ያለውን ትልቁን የጽሑፍ ቦታ ብንመለከት አምስት መስመሮች በደረጃ ወደ ውስጥ እየገቡ ተደርድረዋል። እነዚህ ለማስጌጥ የተቀመጡ የናሙና ቃላት አይደሉም፤ እያንዳንዱ መስመር የአንድ ደረጃ ሕግ ነው። በመደበኛው ገጽታ የርዕሱ ፊደል መጠን 44 ፖይንት፣ አንደኛው ደረጃ 28፣ ሁለተኛው 24፣ ሦስተኛው 20፣ አራተኛውና አምስተኛው 18 ፖይንት ናቸው። ፕሮግራሙ እስከ ዘጠኝ ደረጃ ይፈቅዳል፤ እኔ ግን ከሦስት በላይ የሄደ ስላይድ ሲያጋጥመኝ ጽሑፉ ለሁለት ስላይድ መከፈል እንዳለበት አድርጌ ነው የማነበው።

ስለዚህ አንድ ሰው ስላይዱ ላይ ጠቋሚውን አንቀጹ መጀመሪያ ላይ አድርጎ ታብ ሲጫን ጽሑፉን ወደ ቀኝ እየገፋ አይደለም። «ይህ አንቀጽ ሁለተኛ ደረጃ ነው» ብሎ እየተናገረ ነው። መጠኑን፣ ነጥቡንና ርቀቱን ማስተሩ ራሱ ያመጣለታል። ሺፍት ይዞ ታብ ቢጫን ወደ ላይኛው ደረጃ ይመለሳል። ነጥብ ሳይጨምር አዲስ መስመር ብቻ የሚፈልግ ሰው ደግሞ ሺፍት ይዞ ኢንተር ይጫን፤ ነጥቡን አጥፍቶ በባዶ ቦታ ማስተካከል አያስፈልግም።

በእጅ የተጻፈ ሰረዝ የሚያስከትለውን ችግር በቅርብ ለማየት ሁለት መስመር የሚፈጅ ዓረፍተ ነገር መጻፍ ይበቃል። ሁለተኛው መስመር ከቃሉ ሥር መጀመሩን ትቶ ከሰረዙ ሥር ይገባል፤ ዓይንም ነጥቦቹን ለይቶ መቁጠር ያቅተዋል። ትክክለኛው ነጥብ የሚሠራው በሁለት ልኬቶች ነው። አንደኛው ጽሑፉ ከጠርዙ የሚርቅበት ልክ ነው፤ ሁለተኛው የመጀመሪያው መስመር ከዚያ ወደ ኋላ የሚመለስበት ልክ ነው። በመደበኛው ገጽታ ለአንደኛው ደረጃ ሁለቱም ሩብ ኢንች፣ ማለትም 0.64 ሳንቲ ሜትር ገደማ ናቸው። ነጥቡ ወደ ኋላ በተመለሰው ክፍተት ውስጥ ይቀመጣል፤ ቃላቱ ግን ስንት መስመር ቢረዝሙ አንድ ቀጥ ያለ ጠርዝ ይይዛሉ። ፎንት ሲያድግ ይህ ክፍተት ይጠብባል፤ ስለዚህ ማስተሩ ላይ ጽሑፉን ወደ 36 ያሳደገ ሰው ክፍተቱንም አብሮ ማስፋት አለበት።

ብዙዎች የማያስተውሉት አንድ ነገር ደግሞ አለ። ነጥቡ ለብቻው ቀለም ካልተሰጠው በአንቀጹ የመጀመሪያ ፊደል ቀለም ይሄዳል። የመጀመሪያውን ቃል ቀይ ብናደርግ ነጥቡም ቀይ ይሆናል፤ ከአምስት ነጥቦች አንዱ ብቻ ቀልቶ ሲታይ አድማጭ ምክንያት ይፈልግለታል። መፍትሔው ማስተሩ ላይ ለነጥቡ የራሱን ቀለም፣ ያውም ከገጽታው ቀለሞች አንዱን መምረጥ ነው። የነጥቡ መጠንም እዚያው ከጽሑፉ በመቶኛ ይለካል፤ ከ25 እስከ 400 በመቶ ይፈቀዳል። ለእኔ ከ80 እስከ 90 በመቶ ያለው ለዓይን ይስማማል።

ውርስ የሚቋረጠው መቼ ነው? በስላይዱ ላይ በእጅ የተደረገ ለውጥ ሁልጊዜ ከማስተሩ ትእዛዝ ይበልጣል። አንድን ቃል መርጠን መጠኑን 22 ፖይንት ካደረግነው ነገ ማስተሩ ቢቀየር ያ ቃል አይሰማም። ሌይአውቱም እንዲሁ ነው፤ የራሱ መጠን ከተሰጠው የእናቱን አይሰማም። ከሁሉም የከፋው ግን የተዘጋጀውን የጽሑፍ ቦታ አጥፍቶ በምትኩ ቴክስት ቦክስ፣ ማለትም ከሌይአውቱ ጋር ያልተያያዘ የጽሑፍ ሳጥን መሳል ነው። በቴክስት ቦክስ የተጻፈ ነገር የማስተሩን የነጥብ ደረጃዎች አይወርስም፤ የስላይዶቹን ጽሑፍ ብቻ ዘርዝሮ በሚያሳየው በአውትላይን እይታም አይታይም። ስላይዱን ሰው ባይነካውም ከሌላ ፋይል የተቀዳ ስላይድ ስንለጥፍ «የመጣበትን መልክ ጠብቅ» የሚለውን ከመረጥን ሌላ ማስተር ተከትሎ ይገባል። አራትና አምስት ማስተር የተሸከሙ ፋይሎች የሚፈጠሩት በዚህ መንገድ ነው። በእጅ የተነካካውን አብዛኛውን ነገር «ሪሴት» የሚለው ቁልፍ ወደ ሌይአውቱ ይመልሰዋል፤ የተጻፈ ሰረዝንና የተደረደረ ባዶ ቦታን ግን አያነሳም፤ ለእሱ ፊደል ነውና።

ጽሑፍ ሲበዛ ፕሮግራሙ በራሱ የሚያሳንስበት ልማድም አለ። ይህ የሚጠቅም ይመስላል፤ ውጤቱ ግን አንዱ ስላይድ በ28፣ ቀጣዩ ከዚያ አንሶ፣ ሦስተኛው ደግሞ ይበልጥ አንሶ መምጣቱ ነው። ቴምፕሌት ስሠራ ይህን ማስተሩ ላይ አጠፋዋለሁ። ጽሑፉ ከሳጥኑ ሲተርፍ ጸሐፊው ዓይኑ እያየ እንዲያሳጥር እፈልጋለሁ።

ወደ ማስተሩ ለመግባት «ቪው» ከሚለው ዝርዝር «ስላይድ ማስተር» የሚለውን መምረጥ ነው። በግራ በኩል ከላይ ያለውና ከሌሎቹ ተለቅ ብሎ የሚታየው እናትየዋ ናት፤ ከሥሯ ያሉት ሌይአውቶቹ ናቸው። ብዙ ሰው ሌይአውቱን ለውጦ ሌሎቹ ስላይዶች ለምን አልተቀየሩም ብሎ ይጨነቃል። በሌሎቹ የስላይድ ፕሮግራሞች፣ በጉግል ስላይድስና በሊብረኦፊስ ኢምፕሬስ፣ ስሙ፣ ቦታውና ዝርዝሩ ቢለያይም መሠረታዊ ሐሳቡ ተመሳሳይ ነው።

አዲስ ቴምፕሌት እጄ ሲገባ በመጀመሪያ የማደርገው ርዕስና ዝርዝር ባለው ስላይድ ላይ ሁለት መስመር የሚፈጅ ዓረፍተ ነገር መጻፍ፣ እሱኑ መቅዳትና በታብ አንድ በአንድ እስከ አምስተኛው ደረጃ ማውረድ ነው። ሁለተኛዎቹ መስመሮች ከቃላቱ ሥር ካረፉ፣ መጠኑ በየደረጃው በግልጽ ከቀነሰና አምስተኛው ደረጃ ከክፍሉ መጨረሻ ከተነበበ መጻፍ እጀምራለሁ። ካልሆነ መጀመሪያ ወደ ማስተሩ እገባለሁ።