በሰሜን ሸዋ የሒሳብ አያያዝ ተማሪዎች የሥራ ላይ ልምምድና የተግባቦት ክህሎት

በተለምዶ ኢንተርንሺፕ የሚባለው የሥራ ላይ ልምምድ፣ የሒሳብ አያያዝ ተማሪ በአንድ መሥሪያ ቤት ወይም ድርጅት የሒሳብ ክፍል ተመድቦ በክፍል የቀሰመውን በሥራ የሚፈትሽበት ጊዜ ነው። ይህ ዳሰሳ የሚያተኩረው መቀመጫው ደብረ ብርሃን በሆነው በአማራ ክልል ሰሜን ሸዋ ዞን ላይ ሲሆን፣ መቀመጫው ፍቼ የሆነውን የኦሮሚያውን ሰሜን ሸዋ አይመለከትም።

ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ በ1999 ዓ.ም. ማስተማር ከመጀመሩ በፊት በዞኑ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ አልነበረም። ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ገደማ የምትርቀው ይህች ደገኛ ከተማ ዛሬ በፋብሪካዎቿ፣ በባንኮቿና በመንግሥት መሥሪያ ቤቶቿ ለተለማማጅ የምትመች ሆናለች።

የዓለም አቀፉ የሒሳብ ባለሙያዎች ፌዴሬሽን የትምህርት ደረጃ ቁጥር 3 የሙያ ክህሎቶችን በአራት ይከፍላል፦ የአእምሮ፣ የተግባቦት፣ የግልና የአደረጃጀት። ታላቁን አክብሮ ላደገ የሸዋ ልጅ ከአራቱ የሚከብደው ተግባቦት ሊሆን ይችላል፤ የሒሳብ ሥራ በየቀኑ ታላቅን መጠየቅን ይፈልጋልና።

ለዚህ የንብረት ቆጠራ ጥሩ ማሳያ ነው። የመንግሥት በጀት ዓመት ሰኔ 30 ሲዘጋ ልምምዱ የገጠመለት ተማሪ፣ በዕቃ መረከቢያው ደረሰኝ በሞዴል 19 ገቢ የሆነውንና በዕቃ ማውጫው ደረሰኝ በሞዴል 22 ወጪ የተደረገውን የዕቃው ገቢና ወጪ ከሚመዘገብበት ቢን ካርድና ከመጋዘኑ ጋር ሲያመሳክር ልዩነት ሊያገኝ ይችላል። «ጋሼ፣ ዕቃ ጎድሏል» ቢል በአባቱ ዕድሜ ያሉትን የንብረት ክፍል ሠራተኛ በሌብነት የጠረጠረ ያስመስለዋል፤ ዝም ቢል ደግሞ ስሕተቱ ወደሚቀጥለው ዓመት ይሻገራል። «ጋሼ፣ ካርዱና ቆጠራው አልገጠሙልኝም፤ ሳይመዘገብ የቀረ ወጪ ይኖር ይሆን?» ብሎ ለጠየቀ ግን ያልተመዘገበችው ሞዴል 22 ከመሳቢያ ተፈልጋ ልትወጣለት ትችላለች።

እንደ መሐል ሜዳና ደብረ ሲና ባሉ፣ ሰው ሁሉ በሚተዋወቅባቸው ከተሞች ደግሞ ምሥጢር መጠበቅ ይቀድማል፤ የደመወዝ መክፈያ ሰነድ ያየ ተማሪ የጎረቤቱን ደመወዝ አይቷል ማለት ነው።

ተግባቦት በክፍል ይሰጥ ወይስ በሥራ ብቻ ይገኝ በሚለው ላይ ምናልባት መምህራንም አይስማሙ ይሆናል። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሰጠው አገር አቀፍ የመውጫ ፈተና በምርጫ ጥያቄዎች የተዋቀረ ስለሆነ ይህን አይለካም፤ ልኬቱ የተተወው ተማሪው የተመደበበት ድርጅት ባለሙያ ለሚሞላው የምዘና ቅጽ ነው። ባለሙያው ሁሉንም «በጣም ጥሩ» ብሎ ሲሞላ ግን ተማሪው የት ላይ እንደ ደከመ ሳያውቅ ወደ ግቢው ይመለሳል።