የኦብዘርቫቶሪ የቦታ ጥናት ምንድን ነው? የእንጦጦ ማዕከል ነገና የላስታ ተራሮች

በቴሌስኮፕ ሰማይን የሚመለከተው የእንጦጦ ኦብዘርቫቶሪና የምርምር ማዕከል ወደፊት ምን ይሆናል የሚለው ጥያቄ ሲነሣ የላሊበላ ስም አብሮ ይነሣል። ከአዲስ አበባ ብርሃን ርቆ፣ በላሊበላ ዙሪያ ባሉ ተራሮች ላይ፣ ከእንጦጦው የሚበልጥ ኦብዘርቫቶሪ የማቋቋም ሐሳብ ከዓመታት በፊት ጀምሮ ሲነገር ስለቆየ ወሬው ለወሎ ሰው እንግዳ አይደለም። ብዙ ጊዜ የሚጠየቀው ግን ግንባታው መቼ ይጀመራል የሚለው ነው። ከግንባታው የሚቀድመውና የቦታ ጥናት የሚባለው ሥራ እምብዛም አይወራለትም፤ በእኔ እምነት ግን የማዕከሉ ዕጣ የሚወሰነው መሠረት በሚጣልበት ቀን ሳይሆን በዚህ ሥራ ነው።

የቦታ ጥናት ማለት ቴሌስኮፕ ከመተከሉ በፊት በአንድ ተራራ ላይ ያለው የሌሊት ሰማይ ለምልከታ ምን ያህል እንደሚመች በመሣሪያ እየለኩ፣ ለተከታታይ ዓመታት መዝግቦ መያዝ ነው። ከደመና የጠሩ ሌሊቶች ብዛት፣ እርጥበት፣ አቧራ፣ የነፋስ ፍጥነትና የሰማዩ ጨለማ ሁሉም ይመዘገባሉ። ሰፋ ያለ ማብራሪያ የሚፈልገው ግን የአየሩ እርጋታ ነው።

ኮከብ ብልጭ ድርግም የሚል መስሎ የሚታየን ብርሃኑ ሙቀታቸው በሚለያይ የአየር ንብርብሮች ውስጥ ሲያልፍ አቅጣጫው በየቅጽበቱ ስለሚታጠፍ ነው። ለዓይን ደስ የሚለው ይህ ብልጭታ ለተመራማሪው መከራ ነው፤ ነጥብ መሆን የነበረበት ምስል ተበትኖ ይደበዝዛል። የብዥታው ስፋት የሚለካው በአርክ ሰከንድ ሲሆን፣ 1 አርክ ሰከንድ የአንድ ዲግሪ 3,600ኛ ክፍል ነው። በእንጦጦ የተተከሉት ሁለት ቴሌስኮፖች እያንዳንዳቸው 1 ሜትር ስፋት ያለው መስተዋት አላቸው። እንዲህ ያለ መስተዋት አየር ባይኖር ኖሮ 0.15 አርክ ሰከንድ ያህል ተቀራርበው ያሉ ሁለት ነጥቦችን ለይቶ ባሳየ ነበር። አየሩ ምስሉን እስከ 1 አርክ ሰከንድ ከበተነው ግን፣ ደካማ ብርሃን በመሰብሰብ ያለው ብልጫ እንዳለ ሆኖ፣ ዝርዝር ነገር በመለየት ረገድ 15 ሳንቲሜትር ገደማ ከሚሰፋ ትንሽ ቴሌስኮፕ ብዙም አይሻልም። ስለዚህ በመጥፎ ቦታ ላይ ትልቅ መስተዋት መትከል ገንዘብን ማባከን ነው።

እርጋታውን ለመለካት የሚሠራበት ዘዴ በጣም ብልሃት የተሞላበት ነው። በአንድ ትንሽ ቴሌስኮፕ አፍ ላይ ሁለት ቀዳዳዎች ያሉት ክዳን ይገጠማል፤ በአንደኛው ቀዳዳ ላይ ብርሃኑን በጥቂቱ የሚያጣምም፣ ፕሪዝም የሚባል ስስ ብርጭቆ ስለሚደረግ አንዱ ኮከብ በካሜራው ላይ ሁለት ነጥብ ሆኖ ይታያል። ነፋስ ቴሌስኮፑን ቢያወዛውዘው ሁለቱ ነጥቦች አብረው ይንቀሳቀሳሉ እንጂ በመካከላቸው ያለው ርቀት አይለወጥም። ርቀቱ የሚሰፋውና የሚጠበው በሁለቱ ቀዳዳዎች የሚገባው ብርሃን ያለፈበት አየር ሲለያይ ብቻ ነው። ካሜራው ይህን ለውጥ ሌሊቱን ሙሉ ይመዘግባል።

ወሎ በዚህ መለኪያ ተስፋ የሚጣልባት በከፍታዋ ነው። እንጦጦ ወደ 3,200 ሜትር ሲሆን፣ በላስታ የሚገኘው የአቡነ ዮሴፍ ተራራ ከ4,200 ሜትር ያልፋል፤ ይህም በሃዋይ ያለውና ታላላቅ ቴሌስኮፖችን የተሸከመው የማውና ኬያ ተራራ ከፍታ ነው ማለት ይቻላል። ሆኖም ከፍታ ብቻውን ዋስትና አይሆንም። በቺሊ ያለው የፓራናል ኦብዘርቫቶሪ የቆመው በ2,600 ሜትር ገደማ ላይ ቢሆንም በዓለም ከታወቁት ምርጥ ቦታዎች አንዱ ነው፤ ነፋሱ ከውቅያኖሱ በኩል ሳይታወክ ይመጣለታልና። የላስታ ጫፎች ግን በገደልና በሸለቆ የተከበቡ ናቸው፤ ቀን ፀሐይ የመታው ድንጋይ ሌሊት ሙቀቱን ሲተፋ በጫፉ ላይ ያለው አየር ይታወካል ወይስ አይታወክም የሚለውን የሚመልሰው መለኪያው ብቻ ነው።

ሌላው ጉዳይ ደመና ነው። ላሊበላ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 12 ዲግሪ ላይ በመሆኗ ከሰሜኑም ከደቡቡም ሰማይ አብዛኛው ይታይባታል። የፍኖተ ሐሊብ፣ ማለትም ፀሐያችን ያለችበት የከዋክብት ስብስብ፣ ማእከል ከአድማሷ በላይ እስከ 49 ዲግሪ ይወጣል፤ በለንደን 10 ዲግሪ እንኳ አይሞላም። ይሁንና ይህ ማእከል እኩለ ሌሊት ላይ ከፍ ብሎ የሚታየው በሰኔ፣ ክረምቱ በሚገባበት ወር ነው። በየካቲትና በመጋቢት ንጋት ላይ ቢገኝም ያኔ ደግሞ የወሎ ገበሬ በጉጉት የሚጠብቀው የበልግ ዝናብ አለ። ለገበሬው በረከት የሆነው ደመና ለቴሌስኮፑ የጠፋ ሌሊት ስለሆነ፣ በጋው ብቻ ስንት ጥሩ ሌሊት እንደሚሰጥ አስቀድሞ መታወቅ አለበት።

የአቡነ ዮሴፍ ተራራ ባዶ መሬት አለመሆኑም መዘንጋት የለበትም። ቀይ ቀበሮና ጭላዳ የሚኖሩበት፣ ጅብራ የሚበቅልበት የማኅበረሰብ ጥብቅ ሥፍራ ነው። ቀበሮው በአብዛኛው የሚያድነው በቀን ስለሆነ የሌሊቱ ቴሌስኮፕ ብዙም ላይነካው ይችላል፤ ወደ ጫፉ የሚወጣው መንገድ ግን ለቀበሮው አይበጀውም።

የቦታ ጥናት ከተቋረጠ ክፍተቱን በኋላ መሙላት አይቻልም፤ ያለፈውን ሌሊት ማንም ተመልሶ አይለካውም። በ2013 ዓ.ም. ማብቂያ ላሊበላ የደረሰውና ከዚያም ወዲህ በአካባቢው የቀጠለው ግጭት ተራራ ላይ ውሎ ማደርን ለሚጠይቅ ሥራ ምን ማለት እንደሆነ ለወሎ አንባቢ መንገር አያስፈልግም። በተቋሙ በኩልም የእንጦጦ ማዕከል ይተዳደርበት የነበረው የስፔስ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት በ2014 ዓ.ም. ከጂኦስፓሻል ኢንፎርሜሽን ኢንስቲትዩት ጋር ተዋህዶ የስፔስ ሳይንስና ጂኦስፓሻል ኢንስቲትዩት ሆኗል። ካርታ ሥራና ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጠቀችው የኢትዮጵያ ሳተላይት የተሠራችበትን የመሰለ የምድር ቅኝት ለእርሻና ለድርቅ ክትትል በቶሎ ጥቅም ስለሚሰጥ በጀቱ ወደዚያ ቢያደላ አይገርምም፤ ድርቅ ደጋግሞ ያስለቀሳት ወሎም ይህን አትቃወምም። ነገር ግን የቦታ ጥናት ጉልላት ያለው ሕንፃ አይጠይቅም። አንድ ትንሽ ቴሌስኮፕ፣ የአየር ሁኔታ መመዝገቢያ፣ የፀሐይ ኃይል ሰሌዳና ከዚያው ቀበሌ የሚቀጠሩ ጠባቂዎች ለመነሻ ይበቁታል፤ መረጃውን ለመተንተንም በወልድያና በደሴ የፊዚክስ ተማሪዎች አሉ።