ጥቁሩ ስክሪን የሚታማበትና እውነታው

ጎንደር ፒያሳ አካባቢ ኮምፒውተር እጠግናለሁ። ቅዳሜና እሁድ ደግሞ ለጥቂት ተማሪዎች ሊኑክስ አስተምራለሁ፤ እንደ ዊንዶውስ ያለ የኮምፒውተር ማስኬጃ ሥርዓት ነው። ጽሑፍ ብቻ የሚታይበትን ጥቁር ስክሪን፣ ማለትም ኮንሶሉን፣ በከፈትኩ ቁጥር አጠገቤ ያለ ሰው አንድ ነገር ሳይናገር አያልፍም። አንዳንዱ ይፈራዋል። አንዳንዱ ደግሞ ከመጠን በላይ ያከብረዋል። ሁለቱም ወገን የሚሳሳትበት ቦታ አለ። ደጋግሜ የሰማኋቸውን እነሆ።

«ይሄ የሃከር ሥራ ነው»

አንዲት እናት የልጃቸውን ላፕቶፕ ይዘው መጡ። «ሌሊት ጥቁር ነገር ላይ ሲጽፍ አየሁት። ልጄ፣ እውነቱን ንገረኝ፣ የሰው ገንዘብ ሊሰርቅ ነው?» አሉኝ። ከፍቼ አየሁት። የፕሮግራሚንግ የቤት ሥራ ነበር። «እትዬ፣ ልጅዎ እያጠና ነው» አልኳቸውና ቁጭ ብለው እንዲያዩ አደረግኩ።

ኮንሶል ማለት ለኮምፒውተር በጽሑፍ የምንናገርበት ቦታ ነው። በማውስ ፎልደር ስንከፍትም እያዘዝነው ነው፤ እዚህ ያንኑ ትዕዛዝ በፊደል እንጽፈዋለን። ሥልጣን አይጨምርም። በማውስ መክፈት ያልተፈቀደልንን ፋይል ኮንሶል ስለከፈትን ብቻ አንከፍተውም።

«ከዶስ ጋር ያለፈበት ነገር ነው»

ይህን የሚሉኝ ኮምፒውተር ቀድመው የለመዱ ታላላቆቼ ናቸው። ዶስ የሚባለው የድሮ የጽሑፍ ሥርዓት በ1981 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) መጥቶ በዊንዶውስ ተተካ፤ እሱ እውነት ነው። የሊኑክስ ኮንሶል ዘሩ ግን ሌላ ነው። መነሻው ዩኒክስ የሚባል ሥርዓት ነው። ኬን ቶምፕሰንና ዴኒስ ሪቺ አሜሪካ ቤል ላብስ የምርምር ተቋም ውስጥ በ1969 የጀመሩት ማለት ነው። ያኔ ስክሪን እንኳ ብርቅ ነበር። መልሱ ቴሌታይፕ በሚባል እንደ ታይፕ ባለ ማሽን ወረቀት ላይ ይታተም ነበር። ዛሬም ሊኑክስ ኮንሶሉን «ቲቲዋይ» የሚለው ከዚያ ማሽን ስም ወርሶ ነው። ሊኑስ ቶርቫልድስ ሄልሲንኪ ተማሪ ሳለ ሊኑክስን በ1991 ሲያወጣ ይህን ባህል ተቀበለ።

ቀረ የሚባለው ነገር እየተስፋፋ ነው። ማይክሮሶፍት ራሱ በ2006 ፓወርሼል የሚባል የራሱን የትዕዛዝ መጻፊያ አወጣ፤ በ2016 ደግሞ የሊኑክስ ትዕዛዞች ዊንዶውስ 10 ውስጥ እንዲሠሩ አደረገ። ከ2017 መጨረሻ ጀምሮ በዓለም ፈጣን ተብለው ከተመዘገቡት 500 ሱፐርኮምፒውተሮች ሁሉም የሚሠሩት በሊኑክስ ነው። ባለ መስኮቱ ዴስክቶፕም ቢሆን የትናንት ልጅ አይደለም። የዜሮክስ አልቶ በ1973፣ ማኪንቶሽ በ1984 ወጥተዋል። ሁለቱ ጎን ለጎን ኖረዋል።

«መቶ ትዕዛዝ በቃል መያዝ አለብህ»

ጎንደር በቃል ያጠና ሰው ይከበራል። ዳዊት የደገመ፣ ዜማ የዘለቀ ሰው ባለበት ከተማ ተማሪ ትዕዛዝ ሁሉ እንደ ዳዊት የሚሸመደድ ቢመስለው አልፈርድበትም። እኔ ግን በየቀኑ የምጠቀምባቸው አሥራ አምስት አይሞሉም። የሚጻፉት በእንግሊዝኛ ፊደል ነው። «ኤልኤስ» ፎልደሩ ውስጥ ያለውን ያሳያል። «ሲዲ» ወደ ፎልደር ያስገባል። «ሲፒ» ኮፒ ያደርጋል። «ግሬፕ» ቃል ይፈልጋል። የረሳሁትን «ማን» በሚለው ትዕዛዝ (ከእንግሊዝኛው «ማኑዋል» ያጠረ ነው) እጠይቃለሁ፤ መመሪያው እዚያው ኮምፒውተሩ ውስጥ ስለሆነ ኢንተርኔት አይፈልግም። የፋይል ስም ጀምሬ ታብ ስጫን ራሱ ይጨርስልኛል። ባለፈው ሳምንት የጻፍኩትን ደግሞ ኮንትሮልና አር ስጫን ፈልጎ ያመጣዋል።

ቁም ነገሩ ትንንሾቹን ማያያዝ ላይ ነው። ማያያዣው ፓይፕ የሚባለው ቀጥ ያለ መስመር ነው። የደንበኞቼ ዝርዝር አንድ የጽሑፍ ፋይል ውስጥ አለ፤ ለእያንዳንዱ ሰው አንድ መስመር። ከአዘዞ የመጡት ስንት ናቸው? «ግሬፕ» ብዬ «አዘዞ»ን እጽፋለሁ፣ የፋይሉን ስም አስከትላለሁ፣ ቀጥ ያለውን መስመር አደርጋለሁ፣ ከዚያ መስመር የሚቆጥረውን «ደብሊውሲ»ን ከሰረዝና ከኤል ጋር እጨምራለሁ። ቁጥሩ ብቻ ይመጣል። ግሬፕ መቁጠር አያስፈልገውም፣ ደብሊውሲ ደግሞ አዘዞን አያውቅም። አንዱ ያወጣውን ሌላው ይቀበላል። ይህ የገባት ተማሪ ቀሪውን ራሷ ስታገኘው አይቻለሁ።

«አማርኛ አይሠራበትም»

ይህ ግማሹ እውነት ስለሆነ ለየት አድርጎ ማየት ያስፈልጋል። ሁለት ነገር ይምታታል። አንዱ ዴስክቶፕ ላይ በመስኮት የሚከፈተው ተርሚናል ነው። እዚያ አማርኛ ይታያል፣ ይጻፋል፣ ይፈለጋል። ፊደላችን የዓለም ፊደሎች ለኮምፒውተር በተመዘገቡበት ዩኒኮድ ውስጥ በ1999 ከገባ በኋላ የፋይል ስም እንኳ በአማርኛ መስጠት ይቻላል።

ሌላው ዴስክቶፕ የሌለው ባዶ ኮንሶል ነው። ችግሩ እዚህ ነው። ሊኑክስ እዚያ በአንድ ጊዜ የሚይዘው ቢበዛ 512 የፊደል ቅርጽ ነው፤ የተለመደው ገበታ ደግሞ 256 ብቻ ነው። የኛ ፊደል 33 ጊዜ 7፣ ዲቃላዎቹን ሳንቆጥር 231 ነው። የእንግሊዝኛ ፊደልና ቁጥር ሲጨመርበት 256 አይበቃም። ስለዚህ ብዙ ጊዜ በፊደል ፈንታ ተመሳሳይ አራት ማዕዘን ተደርድሮ ይታያል። ዴቢያንና ኡቡንቱ በሚባሉት የሊኑክስ ዓይነቶች ላይ ግን ለዚህ የተዘጋጀ «ኢትዮጵያን ጎሃ» የሚባል የኮንሶል ፎንት አለ። ስሙን መጀመሪያ ሳይ ከተማችንን ከላይ የሚያየው ጎሃ ኮረብታ ነው ትዝ ያለኝ። «ሴትፎንት» በሚለው ትዕዛዝ ሲጫን ፊደሉ ይነበባል። መጻፉ ግን ይከብዳል፤ ዴስክቶፕ ላይ የለመድነው የአማርኛ መጻፊያ እዚያ አይከተለንም።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ብዙ ሰው ስለሚቸገርበት። «ኃይሌ»ን በግሬፕ ብትፈልጉ «ሃይሌ» ተብሎ የተጻፈውን አያገኘውም። ለኮምፒውተሩ ሁለቱ የተለያዩ ፊደሎች ናቸው። መፍትሔው አማራጮቹን ሁሉ በማዕዘን ቅንፍ ውስጥ መደርደር ነው፤ [ሀሃሐሓኀኃ]ይሌ። ፊደላቱን ሳይለይ የሚፈልግ መሣሪያ በየኮምፒውተሩ ቢኖር በጣም ደስ ይለኝ ነበር።

«ኮንሶል ሁልጊዜ ይፈጥናል»

ይህ ደግሞ የተማሪዎቼ ስህተት ነው። በጥምቀት ማግሥት አንድ ፎቶ አንሺ ከፋሲል ጥምቀተ ባሕር ያነሳቸውን 800 ገደማ ፎቶዎች ይዞ መጣ። ሁለት ነገር ፈለገ። ለቴሌግራም እንዲመቹ ሁሉም እንዲያንሱ፣ ከዚያ 40 ምርጥ እንዲለዩ።

የመጀመሪያው የኮንሶል ሥራ ነው። ኢሜጅማጂክ የሚባል ሶፍትዌር አለ፤ «ሞግሪፋይ» በሚለው ትዕዛዙ በአንድ መስመር ሁሉንም አሳነስናቸው። ቡና እየጠጣን አለቀ። ዴስክቶፕ ላይ አንድ በአንድ እየከፈተ ቢያሳንስ ኖሮ ቀኑ ይመሽበት ነበር። ግን ተጠንቀቁ፣ ሞግሪፋይ ዋናውን ፎቶ ራሱን ይቀይረዋል። ስለዚህ ቀድመን ሌላ ፎልደር ላይ ኮፒ አደረግን።

ምርጫው ላይ አንዱ ተማሪ በፋይል ስምና በመጠን ሊለይ ተነሳ። አስቆምኩት። ካህኑ ውኃውን ሲባርኩ ፊታቸው ላይ ያረፈውን ብርሃን የትኛው ፎቶ እንደያዘ የፋይል ስም አይናገርም። ዴስክቶፑን ከፍተን ፎቶዎቹን ደረደርናቸው። ባለቤቱ በዓይኑ አየ፣ በማውስ መረጠ። ዲዛይን፣ የሠርግ ጥሪ፣ የቪዲዮ ቆረጣ እንዲሁ ናቸው። ተደጋጋሚውን ለኮንሶል፣ ዓይን የሚፈርደውን ለዴስክቶፕ እተዋለሁ።

«ዴስክቶፑን ካጠፋህ አሮጌ ላፕቶፕ አዲስ ይሆናል»

ራም፣ ማለትም ኮምፒውተሩ ሲሠራ የሚጠቀምበት ጊዜያዊ ማስታወሻ፣ ይተርፋል፤ እውነት ነው። ኡቡንቱ ከነዴስክቶፑ ገና ሲነሳ አንድ ጊጋ ገደማ ይይዛል፤ ያለ ዴስክቶፕ ጥቂት መቶ ሜጋ ይበቃዋል። ግን ሰው ላፕቶፑን የሚፈልገው ለብሮውዘር ከሆነ ራሙን የሚጨርሰው ብሮውዘሩ ነው። እንደ ኤክስኤፍሲኢ ያለ ቀላል ዴስክቶፕ ጭኖ ሃርድ ዲስኩን ኤስኤስዲ በሚባለው ፈጣን ማከማቻ መቀየር ይሻላል።

«መብራት ከሄደ ሥራው ሁሉ ይጠፋል»

ሥራው እኛ ጋ ባለው ማሽን ላይ ከሆነ አዎ። ሩቅ ባለ ሰርቨር ላይ በኤስኤስኤች፣ ማለትም የሩቅ ኮምፒውተርን ኮንሶል በኔትወርክ በሚከፍተው መሣሪያ፣ ገብተን ከሆነ ግን «ቲመክስ» የሚባል መሣሪያ አለ። እሱን ከፍተን የጀመርነው ሥራ ሰርቨሩ ላይ ይቀጥላል። እኛ ጋ መብራት ይሂድ፣ ኔትወርክ ይቆረጥ፣ ተመልሰን ስንገባ ካቆምንበት እናገኘዋለን። ጽሑፍ ብቻ ስለሚመላለስም ብዙ ዳታ አይበላም። የሩቅ ዴስክቶፕ ምስል በደካማ ኔትወርክ ሲንቀራፈፍ ኤስኤስኤች ይሠራል።

«አንድ ፊደል ከተሳሳትክ አለቀልህ»

አብዛኛው ስህተት «እንዲህ ያለ ትዕዛዝ የለም» ተብሎ ያልፋል። የሚያስፈራው «አርኤም» ነው። ይሰርዛል፤ ወደ ቆሻሻ ቅርጫት አይልክም። አንድ ጊዜ ጊዜያዊ ፋይሎችን ልሰርዝ ብዬ ኮከብ ምልክቱንና ነጥቡን ሳላገናኝ ባዶ ቦታ አስገባሁ። ኮከብ ብቻውን ሲቆም «ሁሉም» ማለት ነው። የእህቴ የምረቃ ፎቶዎች ያሉበት ፎልደር ባዶ ሆነ። እሷ ፍላሽ ላይ ስላስቀመጠችው ተረፍን። ከዚያ ወዲህ መጀመሪያ «ኤልኤስ» ብዬ እጽፋለሁ፣ የሚወጣውን ዝርዝር አነባለሁ፣ ትክክል ከሆነ ብቻ ኤልኤሱን በአርኤም እቀይረዋለሁ። ቴሌግራም ላይ ያገኛችሁትን፣ በተለይ «ሱዶ» ብሎ የሚጀምር፣ ማለትም በአስተዳዳሪ ሥልጣን የሚሠራ ትዕዛዝ፣ ሳይገባችሁ አትለጥፉ።

«ዴስክቶፑ ከደረቀ ፓወሩን ተጭኖ ማጥፋት ነው»

ቆይ፣ አይቸኩሉ። ሊኑክስ ላይ ከሆኑ ኮንትሮል፣ አልት እና ኤፍ3 አንድ ላይ ይጫኑ። ጥቁሩ ስክሪን ይመጣል። ስም ይጻፉ፣ ኢንተር፣ ከዚያ ፓስወርድ። ፓስወርዱ ሲጻፍ ኮከብም ነጥብም አይታይም፤ ብዙ ሰው ኪቦርዱ የተበላሸ መስሎት እዚህ ይተወዋል። ዝም ብለው ጽፈው ኢንተር ይበሉ። «ቶፕ» ብለው ይጻፉ፤ ኮምፒውተሩን የያዘው ፕሮግራም ብዙ ጊዜ ከላይ ይታያል። ኬን ተጭነው በፕሮግራሙ መስመር መጀመሪያ ላይ ያለውን ቁጥር ይስጡት፣ ኢንተር ሁለቴ። በኪው ይውጡ። ከዚያ ወደ ዴስክቶፑ ለመመለስ ኮንትሮል፣ አልትና ኤፍ2፣ አንዳንዱ ላይ ኤፍ1 ወይም ኤፍ7። በሌላ ፕሮግራም ጀምረው ሳያስቀምጡት የቀረ ደብዳቤ ካለ ብዙ ጊዜ መስኮቱ ላይ እንደተከፈተ ያገኙታል።