ስሞል ሴል የምግብ ቧንቧ ካንሰርና የጨረር ሕክምናው፦ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

የምግብ ቧንቧ ካንሰር ሲነሳ ደጋግሞ ስማቸው የሚጠራው ሁለት ዓይነቶች ናቸው፤ ስኳመስ ሴል ካርሲኖማ እና አዴኖካርሲኖማ። ስሞል ሴል ካርሲኖማ የሚባለው ግን ከመቶ የምግብ ቧንቧ ካንሰር ታማሚዎች በአንዱ ወይም በሁለቱ ላይ ቢገኝ ነው። በሕክምና ጽሑፎች ለመጀመሪያ ጊዜ የተመዘገበውም እ.ኤ.አ. በ1952 ነው። በሽታው እንዲህ እምብዛም የማይታይ በመሆኑ ታማሚውና ቤተሰቡ የሚሰሙት ምክር በአብዛኛው ከሌላ ካንሰር የተቀዳ ነው። አንዱ ስለ ጡት ካንሰር የሚያውቀውን ይነግራል፣ ሌላው ስለ ማህፀን ጫፍ ካንሰር የሰማውን ያክላል። በቅን ልቦና የተሰጠ ምክርም ቢሆን ለዚህ በሽታ ካልሆነ ጊዜ ያባክናል፤ ስሞል ሴል ደግሞ ጊዜ አይሰጥም። በጨረር ሕክምናው ዙሪያ በብዛት የሚነገሩትን ስህተቶች አንድ በአንድ ላንሳ።

«የምግብ ቧንቧ ካንሰር እስከሆነ ድረስ ሕክምናው ያው ነው»

አይደለም፤ ከሁሉ አስቀድሞ መስተካከል ያለበትም ይህ ነው። ካንሰሩ የበቀለበት ቦታ አንድ ቢሆንም የሕዋሱ ዓይነት ሲለያይ የሕክምናው ቅደም ተከተል ይለወጣል። በሌሎቹ ሁለት ዓይነቶች፣ በሽታው ካልተሰራጨ፣ ብዙ ጊዜ ግቡ ዕጢውን በቀዶ ሕክምና ማውጣት ነው። ክሮስ በተባለው የኔዘርላንድስ ጥናት ታማሚዎች በመጀመሪያ 41.4 ግሬይ (ግሬይ የጨረር መጠን መለኪያ ነው) ጨረር በ23 ጊዜ ተከፋፍሎ፣ ካርቦፕላቲንና ፓክሊታክሴል ከተባሉ የካንሰር መድኃኒቶች (ኬሞቴራፒ) ጋር ተሰጣቸው፤ ቀዶ ሕክምናው ከዚያ በኋላ መጣ። እ.ኤ.አ. በ2012 በታተመው ውጤት የእነዚህ ታማሚዎች አማካይ የመኖር ዘመን ወደ 49 ወር ሲጠጋ፣ በቀጥታ ወደ ቀዶ ሕክምና የገቡት ግን 24 ወር ገደማ ነበር።

ስሞል ሴል ሌላ ጠባይ አለው። በፍጥነት ያድጋል፤ ገና ከጅምሩም ወደ ሊምፍ ኖዶች (ንፍፊቶች)፣ ወደ ጉበትና ወደ ሌሎች አካላት ይሰራጫል። ስለዚህ የሕክምናው ምሰሶ መላ ሰውነትን የሚያዳርሰው ኬሞቴራፒ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜም ሲስፕላቲን ወይም ካርቦፕላቲን ከኢቶፖሳይድ ጋር ይሰጣል። በሽታው በቧንቧውና በአካባቢው ብቻ ተወስኖ ሲገኝ ጨረሩ መነሻ ቦታውን ይመታል። ይህ አካሄድ በአብዛኛው የተወሰደው ከሳንባ ስሞል ሴል ካንሰር ሕክምና ነው፤ የምግብ ቧንቧው ዓይነት ታማሚዎች ጥቂት በመሆናቸው በእነርሱ ላይ ብቻ ሰፊ የንጽጽር ጥናት ማካሄድ አስቸጋሪ ነው። የቀዶ ሕክምና ድርሻም እስከ ዛሬ ባለሙያዎችን ያከራክራል።

ስለዚህ ጨረር ከመጀመሩ በፊት የፓቶሎጂው (የናሙናው የላቦራቶሪ ምርመራ) ውጤት ከነሙሉ ስሙ መታወቅ አለበት። «ካንሰር ነው» የሚለው ብቻ አይበቃም። በኢንዶስኮፒ (በጉሮሮ በሚገባ ካሜራ ባለው ቱቦ) የተወሰደው ናሙና ሲናፕቶፋይሲንና ክሮሞግራኒን የተባሉትን ፕሮቲኖች በሚለዩ ልዩ ምርመራዎች ታይቶ እንደሆነ መጠየቅ የታማሚው መብት ነው። ሌላ ፓቶሎጂስት ናሙናውን እንዲያየው መጠየቅም ሐኪሙን መናቅ አይደለም። እንዲህ እምብዛም በማይታይ ካንሰር ላይ እኔ ብሆን ይህን ሳልጠይቅ አላልፍም።

«ጨረር የሚታዘዘው ተስፋ ሲቆረጥ ነው»

ይህ አባባል ብዙ ሰው ወደ ሕክምና ክፍሉ ከመግባቱ በፊት ልቡን ይሰብረዋል። በሽታው በአንድ አካባቢ ተወስኖ ከተገኘ ጨረርና ኬሞቴራፒ አብረው የሚሰጡት ለመፈወስ በማሰብ ነው። ያን ጊዜ ሕክምናው ሳምንታት ይፈጃል፣ በየቀኑ የሚሰጠው መጠንም አነስተኛ ነው። በሽታው ተሰራጭቶ ከሆነ ደግሞ ጨረሩ ሌላ ሥራ ይሠራል፤ የተዘጋውን ቧንቧ ይከፍታል፣ ሕመምና መድማት ይቀንሳል። ይህኛው አጭር ነው፤ ለምሳሌ 20 ግሬይ በ5 ጊዜ ወይም 30 ግሬይ በ10 ጊዜ ሊሰጥ ይችላል። ውኃ እንኳ መዋጥ ያቃተው ሰው እንደገና ሾርባ መጠጣት ሲችል ማየት ትንሽ ነገር አይደለም። ሐኪሙን «የዚህ ጨረር ዓላማ ምንድን ነው?» ብሎ በግልጽ መጠየቅ ከግምት ያድናል።

«ጨረሩ በበዛ መጠን ካንሰሩ ይጠፋል»

ለአእምሮ የሚመች ሐሳብ ነው፤ ጥናቶች ግን አልደገፉትም። በአሜሪካ በተካሄደ አንድ የታወቀ ጥናት አንደኛው ቡድን 64 ግሬይ ጨረር ብቻውን ወሰደ፤ ሁለተኛው 50 ግሬይ ከሲስፕላቲንና ከፍሎሮዩራሲል ጋር። ከ5 ዓመት በኋላ ዝቅተኛውን ጨረር ከኬሞቴራፒ ጋር ከወሰዱት ከመቶ 26ቱ በሕይወት ነበሩ። ከፍተኛውን ጨረር ለብቻው ከወሰዱት አንድም አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመ ሌላ ጥናት 64.8 ግሬይን ከ50.4 ግሬይ ጋር፣ ሁለቱንም ከኬሞቴራፒ ጋር አወዳድሮ፣ ከፍ ያለው መጠን ዕድሜ እንዳልጨመረ አሳየ። እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመው የኔዘርላንድስ ጥናትም 61.6 ግሬይ ከ50.4 እንደማይበልጥ አረጋገጠ።

እነዚህ ጥናቶች የተካሄዱት በተለመዱት ሁለት ዓይነቶች ላይ ነው። በደረት ውስጥ ያለው የአካላት አቀማመጥ ግን ለሁሉም አንድ ነው፤ የምግብ ቧንቧው 25 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሚረዝም ሆኖ በልብ፣ በሳንባዎች፣ በአየር ቧንቧና በአከርካሪ አጥንት መካከል ያልፋል። የሚጨመረው እያንዳንዱ ግሬይ ከእነዚህ ለአንዱ ይደርሳል። ስለዚህ ከሌላ ታማሚ ያነሰ መጠን የታዘዘለት ሰው የተነፈገ አይምሰለው። በሳንባ ስሞል ሴል ካንሰር እንዲያውም ከታወቁት አሰጣጦች አንዱ 45 ግሬይ ብቻ ነው፤ በቀን ሁለት ጊዜ እየተሰጠ በ3 ሳምንት ያልቃል።

«ማሽኑ ውስጥ ያለው ጊዜ ሥቃይ ነው»

ጨረሩ ሲሰጥ አይታይም፣ አይሸትም፣ አያምም። ሕክምናው ከመጀመሩ በፊት ታማሚው በሲቲ ስካን ይታያል፤ ደረቱ ላይ የመርፌ ጫፍ የምታክል ነጥብ ወይም የቀለም ምልክት ይደረግለታል። በየቀኑ በዚያው አኳኋን፣ ብዙ ጊዜ እጆቹን ወደ ላይ አድርጎ፣ ጠንካራ ጠረጴዛ ላይ ይተኛል። ባለሙያዎቹ በግድግዳው ላይ የተገጠሙትን የብርሃን መስመሮች ከምልክቶቹ ጋር ካገጣጠሙ በኋላ ከክፍሉ ይወጣሉ፤ በካሜራ ያዩታል፣ በድምፅ ማጉያም ያነጋግሩታል። ማሽኑ ድምፅ እያሰማ ይዞረዋል፤ አይነካውም። ጨረሩ ራሱ የሚፈጀው ጥቂት ደቂቃ ነው፤ ረጅሙ ሥራ ማስተካከሉ ነው። ብዙዎችን የሚያስቸግራቸው የእጅ መዛልና የጠረጴዛው ቅዝቃዜ ነው፤ ይህን መናገር ይቻላል፣ ድጋፍም ይደረጋል።

«የታከመው ሰው ጨረር ይረጫል፤ ልጆች አይቅረቡት»

ከውጭ በማሽን የሚሰጥ ጨረር ማሽኑ ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል። ታማሚው ልጁን ማቀፍ፣ ከባለቤቱ ጋር አንድ አልጋ ላይ መተኛት፣ በአንድ ማዕድ መብላት ይችላል። ይህን የሐሰት ፍርሃት ይዞ ሰውን በከፋ ጊዜው ብቻውን መተው እጅግ ያሳዝናል።

«መዋጥ ካቃተው ሕክምናው ይቁም»

ጉዳት በብዛት የሚያደርሰው ስህተት ይህ ይመስለኛል። ከሁለተኛው ወይም ከሦስተኛው ሳምንት ጀምሮ የቧንቧው ውስጠኛ ሽፋን ይቆጣል። ታማሚው ሲውጥ ያቃጥለዋል፣ ደረቱ መካከል ይወጋዋል፣ ምግብ የተሰነቀረ ይመስለዋል። ቤተሰቡ ካንሰሩ የባሰበት መስሎት ይደነግጣል፤ አንዳንዱም በራሱ ውሳኔ ቀጠሮ ማስቀረት ይጀምራል። ይህ ግን የሚጠበቅ የጨረሩ ጉዳት ነው፤ ሕክምናው ካበቃ በኋላም ጥቂት ሳምንታት ቆይቶ ይሽላል።

ማቋረጥ ግን ዋጋ ያስከፍላል። በመካከል የሚገኘው ዕረፍት ለካንሰሩ ሕዋሳት እንደገና የመባዛት ዕድል ይሰጣል። ስለዚህ መልሱ ቁስለቱን አክሞ መቀጠል ነው። ከምግብ በፊት የሚወሰድ ማደንዘዣ ፈሳሽ፣ በቂ የሕመም ማስታገሻ (ሲያስፈልግ ሞርፊንም ጭምር)፣ የጨጓራ አሲድ የሚቀንስ መድኃኒት አለ። ምግቡ ለስላሳ፣ ለብ ያለ፣ ጉልበት የሚሰጥ ሆኖ በትንሽ በትንሹ ቶሎ ቶሎ ይቅረብ፤ ትኩስ፣ የሚያቃጥልና ኮምጣጣ ነገር ይራቅ። ክብደት በየሳምንቱ መመዘን አለበት። በአፍ የሚገባው ካልበቃ በአፍንጫ በኩል ወይም በሆድ በኩል በሚገባ የመመገቢያ ቱቦ ይረዳል። ብዙ ሰው ቱቦውን የመጨረሻ ደረጃ አድርጎ ስለሚያየው እምቢ ይላል። ነገር ግን ሕክምናውን እስከ መጨረሻው ለማድረስ የሚያስችል ጊዜያዊ ድጋፍ ነው፤ መዋጥ ሲመለስ ይወጣል።

አንድ ነገር ግን ጊዜ አይሰጥም። ኬሞቴራፒው ነጭ የደም ሕዋሳትን ስለሚቀንስ የሰውነት ሙቀት 38 ዲግሪና ከዚያ በላይ ከሆነ ሌሊትም ቢሆን ወደ ሆስፒታል መሄድ ነው።

«ጨረር ፀጉር ያረግፋል፤ ቫይታሚን ደግሞ ጨረሩን ያግዛል»

ጨረር ፀጉር የሚያረግፈው ባረፈበት ቦታ ብቻ ነው። የራስ ፀጉር የሚረግፈው በኢቶፖሳይድ ምክንያት ነው፤ ተመልሶም ይበቅላል። ከፍተኛ መጠን ያላቸው የአንቲኦክሲዳንት (እንደ ቫይታሚን ኢ ያሉ) እንክብሎች ጨረሩ በካንሰሩ ሕዋሳት ላይ የሚያደርሰውን ጉዳት ሊያዳክሙ ይችላሉ ተብሎ ስለሚሰጋ፣ ሐኪሙ ሳያውቅ መወሰድ የለባቸውም። ሲጋራ የሚያጨስ ሰው ዛሬውኑ ቢያቆም ሕክምናውን ይበልጥ ይቋቋማል።

«ጨረሩ ሲያልቅ ሁሉ ነገር ያልቃል»

ጨረሩ ካለቀ በኋላም ሥራው ይቀጥላል። በመጨረሻው ቀን ማግስት የሚነሳ ስካን በጨረሩ የመጣውን መቆጣትና ካንሰሩን ለመለየት ስለሚያስቸግር የውጤቱ ምርመራ ከሳምንታት በኋላ ይደረጋል። ኬሞቴራፒውም ብዙ ጊዜ ከጨረሩ በኋላ የሚቀሩ ዙሮች ይኖሩታል።

ከዚያ በኋላ ባሉት ወራት ሦስት ነገሮችን መከታተል ይገባል። ከ1 እስከ 6 ወር ባለው ጊዜ ደረቅ ሳልና የትንፋሽ ማጠር ከመጣ ሳንባው በጨረሩ ተቆጥቶ ሊሆን ይችላል፤ ቶሎ ከታወቀ በመድኃኒት ይታከማል። መዋጥ ተሻሽሎ ሳለ እንደገና ከጠበበ ሁልጊዜ ካንሰሩ ተመለሰ ማለት አይደለም፤ ጠባሳ ቧንቧውን አጥብቦት ከሆነ በኢንዶስኮፒ ሊሰፋ ይችላል፤ ለይቶ የሚያውቀው ግን ምርመራ ብቻ ነው። ሦስተኛው ውኃ በጠጡ ቁጥር ትን እያለ የሚያስል ሳል ነው። በምግብ ቧንቧውና በአየር ቧንቧው መካከል ቀዳዳ ተፈጥሮ ሊሆን ስለሚችል፣ በአፍ ምንም ሳይወስዱ በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ መድረስ ያስፈልጋል።