ፒሲቪ ቫልቭ ምንድን ነው? ካርቡሬተር ስንቀይር ለምን አብሮ አይነቀልም?

ባለፈው ክረምት ጎረቤቴ የቶዮታ ዲኤክሱን ኮፈን ከፍቶ አሳየኝ። አዲስ ካርቡሬተር አስገጥሟል። መካኒኩም በዚያው ሞተሩን «አጽድቶለታል»። ድሮ እንደ ሸረሪት ድር ተጠላልፈው የነበሩት ቀጫጭን ቱቦዎች ግማሾቹ የሉም። ሲያዩት እውነትም ያምራል። ግን ሁለት ሳምንት ሳይሞላው ዘይት ማፍሰስ ጀመረ። የዘይት መለኪያው ዘንግ ከቦታው ተገፍቶ ይወጣል፣ ከሞተሩ ኋላም ጠብ ጠብ ይላል። «ሞተሩ አርጅቷል፣ ይውረድ» ተባለ።

ጎንበስ ብዬ ሳይ የቫልቭ ክዳኑ ላይ ሁለት ቱቦ መኖር ነበረበት። አንደኛው ጫፉ ላይ ቡለን ተሰክቶበት በሽቦ ታስሯል። የሁለተኛው ቀዳዳ በላስቲክ ተደፍኗል፤ ምክንያቱም አዲሱ ካርቡሬተር ይዞት የመጣው ትንሽ የአየር ማጣሪያ ይህን ቱቦ የሚቀበልበት ቦታ የለውም። ሞተሩ አላረጀም። መተንፈሻው ተዘግቶበት ነው።

ፒሲቪ የሚባለው ይህ መተንፈሻ ነው። ፊደሎቹ የእንግሊዝኛ ምህጻረ ቃል ናቸው። በእኛ አነጋገር የሞተር ሆድ ማስተንፈሻ ብንለው ይገልጸዋል። ፒስተን ቤንዚንና አየር ጨምቆ ሲያቃጥል ከጋዙ ጥቂቱ በፒስተኑ ቀለበቶች (ሪንጎች) ጎን እየሾለከ ዘይቱ ወዳለበት ይወርዳል። ሪንጎቹ አዲስ ቢሆኑም ይህ አይቀርም። የሚወርደው በአብዛኛው ያልተቃጠለ ቤንዚንና አየር ነው። የውሃ ተንም አለው፣ ዘይትን የሚያበላሽ አሲድም አለው። መውጫ ካላገኘ ግፊት ይሆናል። ግፊቱ ደግሞ ደካማ ቦታ ፈልጎ ይወጣል፦ ዘይት እንዳይፈስ በሚከለክሉት በኦይል ሲልና በጋስኬት፣ በመለኪያው ዘንግ በኩል።

በድሮ መኪናዎች ላይ መፍትሔው ወደ መሬት የሚወርድ ክፍት ቱቦ ነበር። መኪናው ሲሄድ ከሥር የሚያልፈው ነፋስ ጋዙን ይስበዋል። መኪናው ቆሞ ሞተሩ ሲሠራ ግን የሚስበው የለም። የሚወጣውም በቀጥታ ወደ አየር ነው። ሎስ አንጀለስ በጭጋግ ስትታፈን ካልቴክ በተባለው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የነበረው ኬሚስት አሪ ሃገን ስሚት በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ ምክንያቱ ከመኪናና ከነዳጅ የሚወጣ ጋዝ መሆኑን አሳየ። በኋላ ሲጠና ምንም መቆጣጠሪያ ከሌለው መኪና ከሚወጣው ያልተቃጠለ ነዳጅ አንድ አምስተኛው ገደማ በማርሚታ ሳይሆን ከሞተሩ ሆድ የሚወጣ ሆኖ ተገኘ። ካሊፎርኒያ ውስጥ በ1961 ሞዴል፣ በመላው አሜሪካ በ1963 ሞዴል አዳዲስ መኪናዎች ፒሲቪ ተገጠመላቸው። በመኪና ላይ ከተገጠሙት የጭስ መቀነሻዎች የመጀመሪያው ይኸው ነው።

ችግሩም የሚጀምረው ከዚህ ነው። «የጭስ ዕቃ» የሚል ስም ስለወጣለት ከሌሎቹ ጋር አብሮ ይነቀላል። ሥራው ግን ከጭስ በላይ ነው፤ የዘይታችንም ጠባቂ ነው።

አሠራሩ ቀላል ነው። ቫልቩ አውራ ጣት የምታህል ነገር ናት። በብዙ አሮጌ ቶዮታዎች የቫልቭ ክዳኑ ላይ በላስቲክ ውስጥ ተሰክታ ትገኛለች። ውስጧ አንዲት ፒንና አንዲት ስፕሪንግ አሉ። ከእሷ የሚነሳው ቱቦ ከካርቡሬተሩ በታች ማኒፎልዱ (አየርና ቤንዚኑን ወደ ሞተሩ የሚያከፋፍለው ቧንቧ) ላይ ይገባል። በሚኒሞ፣ ማለትም ነዳጅ ሳንረግጥ ሲሠራ የማኒፎልዱ መሳብ ኃይለኛ ስለሆነ ፒኗን ይጎትትና ቀዳዳውን ያጠባል። ነዳጅ ስንሰጥ መሳቡ ይቀንሳል፣ ስፕሪንጉ ፒኗን ይመልሳል፣ ቀዳዳው ይሰፋል። ሾልኮ የሚወርደው ጋዝ የሚበዛው ሞተሩ ሲጫን ስለሆነ ልኩ ይገጣጠማል። ካርቡሬተሩ ወደ ኋላ ቢተኩስ ደግሞ ፒኗ ትዘጋና እሳቱ ወደ ዘይቱ እንዳይደርስ ትከላከላለች። በሌላ በኩል ከአየር ማጣሪያው የሚመጣው ሁለተኛው ቱቦ ንጹሕ አየር ያስገባል። ያ አየር የሞተሩን ሆድ እያጠበ ያልፋል። ሁለቱ ቱቦዎች ጥንድ ናቸው። አንዱ ያለ አንዱ አይሠራም።

አንዳንዱ መካኒክ ቡለን አይሰካም፣ ክዳኑ ላይ ትንሽ የስፖርት ማጣሪያ ያደርግና ይተወዋል። ግፊቱ ይወጣል፣ ይህ እውነት ነው። ግን የሚስብ ነገር ስለሌለ እርጥበቱ እዚያው ይቀራል። የዘይት መሙያውን ክዳን ስትከፍቱ ከሥሩ ወተት የተቀላቀለበት ቡና የሚመስል ወፍራም ነገር ታገኛላችሁ። አጭር መንገድ ብቻ የሚሄድ መኪና ላይ ይብሳል። የቤንዚን ሽታውም ወደ መኪናው ውስጥ ይገባል፣ ልጆቻችን የሚቀመጡበት ቦታ ማለት ነው።

ሌላም አለ። በቫልቩ በኩል የሚያልፈው አየር ካርቡሬተሩ ሲሠራ ታስቦበታል። ስትዘጉት በሚኒሞ ላይ ቤንዚኑ ይበዛል። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። አየሯ ከባሕር ዳርቻው በአንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። ለዝቅተኛ ቦታ የተስተካከለ ካርቡሬተር እዚህ ድሮውንም ቤንዚን ያበዛል። በዚያ ላይ ፒሲቪውን ሲዘጉት ካንዴላው ይጠቁራል፣ ነዳጁም በከንቱ ያልቃል።

የተቀሩት የጭስ ዕቃዎችስ? ሁሉም አንድ አይደሉም። በቀበቶ የሚዞረው የአየር ፓምፕ ከሞተሩ ትንሽ ኃይል ይወስዳል፣ ቢወጣም የሚገኘው ጥቅም ያን ያህል ነው። ኢጂአር የሚባለው ከተቃጠለው ጋዝ ጥቂቱን መልሶ ያስገባል። ነዳጅ እስከ መጨረሻው ሲረገጥ ግን ስለሚዘጋ «ኃይል ይቀንሳል» የሚባለው ትክክል አይደለም። እንዲያውም ቃጠሎውን ስለሚያቀዘቅዝ የዲስትሪቢዩተሩ ልክ (እሳት የሚሰጥበት ጊዜ) እሱን አስቦ ተሠርቶ ከሆነ ሲነቀል ሞተሩ ማንኳኳት ሊጀምር ይችላል። የከሰል ጣሳው ከሰልባትዮ የሚወጣውን የቤንዚን ተን ይይዛል። እሱን ነቅሎ ቱቦውን መድፈን ሰልባትዮውን ያለ አየር ሊያስቀረው ይችላል፤ ከዚያ ቤንዚን አልመጣ ብሎ መንገድ ላይ ሊያቆማችሁ ይችላል።

አሜሪካ ያላችሁ ደግሞ ሌላም ነገር ልብ በሉ። እዚያ በፌዴራል ሕግ እነዚህን ዕቃዎች መንቀል ክልክል ነው። ካሊፎርኒያ የ1975 ሞዴልና ከዚያ በፊት የተሠሩ የቤንዚን መኪናዎችን ከጭስ ምርመራ ነጻ ታደርጋለች፣ ከ1976 ጀምሮ ያሉት ግን ይመረመራሉ። አሮጌ ባለ 22አር ሞተር ቶዮታ ፒካፕ ይዞ ሌላ ካርቡሬተር ማስገጠም የሚፈልግ ሰው ዕቃው የግዛቲቱ የፈቃድ ቁጥር ያለው መሆኑን አስቀድሞ ማየት አለበት። ኮፈኑ ሲከፈት መርማሪው የጎደለውን ያያል።

እኛ አገር በ2024 (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ ኤሌክትሪክ ያልሆኑ የቤት መኪናዎች እንዳይገቡ ተወስኗል። ስለዚህ በእጃችን ያሉት አሮጌዎቹ ገና ብዙ ይሠራሉ። ላዳ ያላችሁም እዩ፤ እንደ ቶዮታው ተሰክታ የምትወጣ ቫልቭ ባይኖራትም ማስተንፈሻ ቱቦው አላት፣ ሲደፈን ጣጣው ያው ነው።

መፈተሹ ደቂቃ አይፈጅም። ቫልቩን ከክዳኑ አውጥታችሁ ነቅንቁት፤ ቅጭልጭል ካላለ ፒኗ ተጣብቃለች። ሞተሩን አስነስታችሁ አፉን በጣት ክደኑት፤ ጣታችሁን ሳብ ሊያደርግ ይገባል። ከዚያ መልሳችሁ ሰክታችሁ የዘይት መሙያውን ከፍታችሁ ቀለል ያለ ወረቀት ጣል አድርጉበት። ጤነኛ ከሆነ ወረቀቱ ይለጠፋል። ሽቅብ የሚነፋው ከሆነ ወይ መንገዱ ተዘግቷል ወይ ሪንጎቹ አልቀዋል።

የጎረቤቴን ቡለን አወጣነው። አዲስ ቫልቭ ገባ፣ ቱቦው ማኒፎልዱ ላይ ተመለሰ፣ ለሁለተኛው ቱቦ ደግሞ ማጣሪያው ሥር ቀዳዳ ተበጀለት። ሚኒሞው እንደገና ተስተካከለ። ወረቀቱ ተለጠፈ። የመለኪያው ዘንግ ከዚያ ወዲህ ተገፍቶ ወጥቶ አያውቅም። የኋላው ኦይል ሲል ግን አንዴ በግፊት ተጎድቷልና አሁንም ጠብ ይላል፤ እሱ የሚቀየረው ካምቢዮው ሲወርድ ነው።