«የእኩለ ሌሊትን ዘይት ማቃጠል»፦ የአንድ እንግሊዝኛ ፈሊጥ ትርጉምና አመጣጥ

እንግሊዝኛ የሚማር ሰው ስለ ትምህርትና ስለ ተማሪ ሕይወት ከሚነገሩ ፈሊጦች መካከል ቶሎ ከሚያገኛቸው አንዱ «በርን ዘ ሚድናይት ኦይል» የሚለው ነው። ቃል በቃል ሲፈታ «የእኩለ ሌሊትን ዘይት ማቃጠል» ይሆናል፤ ፍቺው ግን ለጥናት፣ ለጽሑፍ ወይም አእምሮን ለሚጠይቅ ሌላ ሥራ ሲባል ሌሊቱ እስኪጋመስ፣ አንዳንዴም ከዚያ አልፎ፣ ነቅቶ መሥራት ነው። በእኛ ዘንድ ዘይት ሲባል አስቀድሞ ትዝ የሚለው የምግብ ዘይት ስለሆነ ሐረጉ ጀማሪውን ግራ ያጋባዋል። እዚህ ላይ የተጠቀሰው የመብራት ዘይት ነው፤ በኩራዝ ያጠና ሰው በዘይቱ ቦታ ላምባን ቢያስብ ማብራሪያ ሳያስፈልገው ነገሩ ይገባዋል።

ፈሊጡ የተወለደው የኤሌክትሪክ መብራት ባልነበረበት ዘመን ነው። ያኔ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ መጽሐፍ የሚገልጥ ሰው ብርሃኑን በገንዘቡ መግዛት ነበረበት፤ ሻማውም ዘይቱም ለብዙ ቤተሰብ ቀላል ወጪ አልነበረም። ስለዚህ «ዘይቱን አቃጠለ» የተባለለት ሰው እንቅልፉን ብቻ ሳይሆን ሀብቱንም ለዕውቀት ያወጣ ሰው ነው። ይህ የዋጋ ስሜት ካልተያዘ ፈሊጡ ያለበት አክብሮት አይታይም።

በጽሑፍ ከምናገኛቸው ቀደምት ምስክሮች አንዱ እንግሊዛዊው ባለቅኔ ፍራንሲስ ኳርልስ ነው። በ1635 (እ.ኤ.አ.) ባሳተመው የግጥም መጽሐፉ፣ ሰዎች በቀትር ላባቸውን፣ በእኩለ ሌሊት ዘይታቸውን ወጪ እንደሚያደርጉ፣ ሌሊቱን በሐሳብ ቀኑንም በድካም እንደሚጨርሱ ይናገራል። ሌላው እንግሊዛዊ ባለቅኔ ጆን ጌይ ደግሞ በ1727 (እ.ኤ.አ.) ባወጣው የተረት ግጥሞች መድበል መግቢያ ላይ አንድ ፈላስፋ በጥበቡ የታወቀ አረጋዊ እረኛን ሲጠይቅ ያሳየናል፦ ይህን ሁሉ ያወቅኸው በመጻሕፍት ላይ ደክመህ የእኩለ ሌሊቱን ዘይት ጨርሰህ ነውን? እረኛው ግን የተማረው ከፍጥረት መሆኑን ይመልሳል፤ ከንብ ትጋትን፣ ከጉንዳን ለነገ ማሰብን፣ ከውሻው ውለታ ማወቅን። በእኔ አስተያየት የፈሊጡን ትርጉም ከዚህ የተሻለ የሚያስረዳ ቦታ የለም፤ ሐረጉ በዚያ ጊዜ የመጽሐፍ ትምህርት ምልክት ሆኖ ስለነበር ባለቅኔው ከሕይወት ትምህርት ጋር ሊያነጻጽረው ችሏል። በሁለቱም ግጥሞች ውስጥ ዘይቱ ወጪ ይሆናል ወይም ያልቃል እንጂ «ይቃጠላል» አልተባለም፤ ዛሬ የምናውቀው ግሥ የተለመደው ከዚያ በኋላ ነው።

ሐሳቡ ራሱ ግን ከእንግሊዝኛ እጅግ ይቀድማል። የጥንቱ ግሪካዊ ጸሐፊ ፕሉታርክ እንደጻፈው፣ ፒቴያስ የተባለ ተናጋሪ ዝነኛውን የአቴና ተናጋሪ ዴሞስቴንስን «ክርክሮችህ የመብራት ክር ይሸታሉ» ብሎ ነቅፎት ነበር፤ ንግግሮቹ ሌሊት በመብራት ተለፍቶባቸው የተዘጋጁ እንጂ ከአፍ የፈለቁ አይደሉም ማለቱ ነው። ዴሞስቴንስም የእኔና የአንተ መብራት የሚያዩት ሥራ አንድ አይደለም ሲል መለሰለት። እንግሊዝኛ ከዚህ ነቀፋ «ስሜል ኦቭ ዘ ላምፕ»፣ ማለትም መብራት መሽተት፣ የሚለውን ሌላ ፈሊጥ ወርሷል፤ የሚነገረውም ልፋቱ ከልክ አልፎ ስለሚታይበት ጽሑፍ ነው።

ሌሊት መማር ለእኛም እንግዳ አይደለም። በአብነት ትምህርት ቤት የቃል ትምህርት መጽሐፍ መግለጥን ስለማይጠይቅ መብራት በሌለበት ምሽትም ይቀጥላል። ተማሪው እንቅልፉን ይሠዋል፣ ዘይት ግን አያቃጥልም፤ ስለዚህ የእኛ የሌሊት ትምህርት በዘይት የሚመሰል ፈሊጥ አላስፈለገውም። የዛሬ ተማሪዎች «ሲቸክል አደረ» የሚሉት አነጋገር ለእንግሊዝኛው ይቀርባል፤ ሆኖም መቸከል የተማሪ ቤት ጨዋታ ቃል ሲሆን፣ እንግሊዝኛው በጋዜጣም በሽማግሌ አንደበትም ያለ ነቀፋ ይነገራል።

በአጠቃቀም ረገድ መጠንቀቅ የሚገባው በሁለት ነገር ነው። ፈሊጡ ሲነገር «ዘ» አይቀርም፤ «ኦይል»ም ወደ ብዙ ቁጥር አይለወጥም። ከዚህ የሚበልጠው ደግሞ የሚሠራበት ጉዳይ ነው፦ ለፈተና ያጠና፣ የመመረቂያ ጽሑፉን ሊጨርስ የታገለ፣ የነገ ትምህርቱን ሲያዘጋጅ ያመሸ መምህር ዘይቱን አቃጥሏል ይባላል፤ ፊልም ሲያይ ወይም ከጓደኛው ጋር ሲጨዋወት ያነጋ ሰው ግን አይባልም። «ሻማን በሁለቱም ጫፍ ማቃጠል» ከሚለው ፈሊጥ ጋርም መምታታት የለበትም። ያኛው ማታ አምሽቶ፣ ጠዋትም ማልዶ እየተነሣ ጉልበቱን ስለሚጨርስ ሰው የሚነገር ማስጠንቀቂያ ነው፤ አንድ ተማሪ ለፈተናው ሳምንት ዘይቱን ቢያቃጥል ይመሰገናል፣ ዓመቱን ሙሉ እንዲያው ቢኖር ግን ስለ ሻማው ይነገረዋል።